ፍልጡን ሸጦ ቅጠሉን ማንደድ፦ ስለ ድንበር ተሻጋሪ የኤሌክትሪክ ንግድ አንድ የግል ምልከታ

በ2015 ዓ.ም. የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዋዜማ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ሰፈራችን መብራት ጠፋ። ነገሩ ለሰፈሩ ሰው እንግዳ አልነበረም። አያቴ ጋግረው ሊጨርሱ ጥቂት እንጀራ ብቻ ሲቀራቸው ምጣዱ ቀዘቀዘ፤ ሊጡም በቡሃቃው ውስጥ ቀረ። ሻማ እየፈለግሁ ሳለ፣ በባትሪ ድንጋይ ከሚሠራው ሬዲዮናቸው ኢትዮጵያ ለኬንያ ስለምትሸጠው ኤሌክትሪክ የሚያወሳ ዜና ተሰማ። ሽያጩ የተጀመረው በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ነበር። አያቴ የሬዲዮውን ድምፅ ቀነስ አድርገው፣ «አንቺ ልጅ፣ የምትማሪው ይህንኑ አይደለም ወይ? እኛ በጨለማ ተቀምጠን ለሰው አገር መብራት የምንሸጠው ምን ቢሆን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

በወቅቱ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ከጀመርሁ ገና ጥቂት ወራት ሆኖኝ ነበር። የሰጠሁት መልስም የክፍል ውስጥ መልስ ነበር። የኤሌክትሪክ ሥራ ማመንጨት፣ ማስተላለፍና ማከፋፈል የሚባሉ ሦስት እርከኖች እንዳሉት፣ ለኬንያ የሚሸጠው ኃይል የሚያልፈው በሁለቱ ብቻ እንደሆነ፣ የእኛን ቤት ያጨለመው ግን ሦስተኛው እርከን፣ ማለትም በመንገዱ ዳር በምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር እንደሆነ አስረዳኋቸው። ለኬንያ አንዲት ኪሎዋት ባትሸጥ እንኳ ያን ማታ ከጨለማ እንደማንድን በልበ ሙሉነት ጨመርሁ። አያቴ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «እሺ ልጄ፣ ገባኝ። ታዲያ የተሸጠበት ገንዘብ ትራንስፎርመር አይገዛም?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ይህች አጭር ጽሑፍ ያን ጥያቄ ይዤ ከቆየሁባቸው ዓመታት የተገኘች ናት። ድንበር ተሻጋሪ የኤሌክትሪክ ንግድ ጠቃሚ ነው የሚለውን ሐሳብ ዛሬም እደግፋለሁ። ነገር ግን ጠቀሜታው የሚመዘንበት ቦታ ድንበሩ ላይ ያለው ቆጣሪ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ከመልሴ ውስጥ ትክክል የነበረውን ልለይ። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ሲጋገርበት ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ዛሬ በየቤቱ የሚሰቀለው ኃይል ቆጣቢ አምፖል በአንጻሩ 10 ዋት ገደማ ቢፈልግ ነው። ስለዚህ አንድ ምጣድ ከ300 አምፖል ጋር ይስተካከላል። 200 ኪሎ ቮልት አምፔር አቅም ባለው አንድ የሰፈር ትራንስፎርመር ሥር 60 ቤቶች እያንዳንዳቸው በ3.5 ኪሎዋት ምጣድ በአንድ ሰዓት ቢጋግሩ ፍላጎቱ 210 ኪሎዋት ይደርሳል፤ መብራቱ፣ ማቀዝቀዣውና ቴሌቪዥኑ ሳይቆጠር ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል ማለት ነው። በአዘቦት ቀን ምጣዶቹ በተለያየ ቀንና ሰዓት ስለሚሠሩ ሸክሙ ይበታተናል። በበዓል ዋዜማ ግን ሰፈሩ ሁሉ በአንድነት ይጋግራል፤ ያን ጊዜ ፊውዙ ይቃጠላል ወይም ትራንስፎርመሩ ራሱ ይጎዳል። ይህን ችግር ድንበር የሚሻገረው መስመር አላመጣውም።

የአገራችን የኤሌክትሪክ የውጭ ንግድ በሦስት ዋና ዋና መስመሮች ላይ ቆሟል። የመጀመሪያው ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ነው። ሁለተኛው ከጎንደር በሸሕዲና በመተማ በኩል ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚሄደው፣ በተመሳሳይ ቮልቴጅ የሚሠራው መስመር ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ናይሮቢ አቅራቢያ እስካለችው ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ሲሆን፣ እስከ 2,000 ሜጋዋት መሸከም እንዲችል ሆኖ ተሠርቷል። ከእነዚህ ሌላ በሞያሌ ከተማ በኩል የኬንያው ወገን ነዋሪዎች ከኢትዮጵያው ወገን በአነስተኛ መስመር ኃይል ሲያገኙ ኖረዋል። አንድ ከተማ ሆኖ በድንበር ለተከፈለ ሕዝብ ይህ ንግድ ከመባል ይልቅ እሳት መጫጫር ቢባል ይቀላል።

የሶዶ–ሱስዋ መስመር የተሠራው በቀጥተኛ ጅረት ነው። በቤታችን የምንጠቀመው ተለዋዋጭ ጅረት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ይህ መመላለስ በረጅም መስመር ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ ሽቦው ራሱ በእያንዳንዱ ምልልስ ተሞልቶ ስለሚራገፍ የመሸከም አቅሙ ከፊሉ በዚያው ይባክናል፤ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ጄኔሬተሮችም እኩል እንዲራመዱ ማድረግ አስቸጋሪ ይሆናል። ቀጥተኛ ጅረት እነዚህን ሁለት ችግሮች ያስወግዳል። ሶዶ ላይ ተለዋዋጩ ወደ ቀጥተኛ ይለወጣል፤ ሱስዋ ላይ ደግሞ ወደ ተለዋዋጭ ይመለሳል። በመካከሉ የሚያልፈው የኃይል መጠን እንደ ቧንቧ ውኃ በቁጥጥር ስለሚለቀቅ የሁለቱ አገሮች አውታሮች በአንድ ምት እንዲሄዱ አይገደዱም። ለገዢና ለሻጭ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምን ያህል እንደተሸጠ በትክክል ይታወቃልና።

ውሉ ለ25 ዓመት የሚቆይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋዋት፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋዋት እንዲቀርብ፣ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም እንዲሆን ተስማምተዋል። 200 ሜጋዋቱ ዓመቱን ሙሉ ያለ ማቋረጥ ቢፈስ 1.75 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህም በዚህ ዋጋ ሲሰላ ወደ 114 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ይህ የሒሳብ ጣሪያ ነው። ያም ሆኖ 200 ሜጋዋት የመስመሩ አቅም አንድ አሥረኛ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። የተቀረው ዘጠኝ እጅ ለወደፊት ገዢ የተዘረጋ ባዶ መንገድ ነው፤ የተሠራበት ብድር ግን ባዶውንም ሙሉውንም መንገድ እኩል ይቆጥራል።

«ለምን እንሸጣለን?» ለሚለው የአያቴ የመጀመሪያ ጥያቄ የመስኩ ሰዎች የሚሰጡት መልስ ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው ስለ ውኃ ነው። ኢትዮጵያ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከውኃ ነው። የግድብ ውኃ ይጠራቀማል፤ ግድቡ ከሞላ በኋላ ግን ትርፉ ተርባይን ሳይነካ በማስተንፈሻው ይወርዳል። እኩለ ሌሊት ላይ የአገር ውስጥ ፍላጎት ሲወርድ ወይም ክረምቱ ከበቂ በላይ ሲሆን፣ ያልተሸጠ ኃይል ያለፈ ኃይል ነው። ኬንያ በአንጻሩ በኦልካሪያ የከርሰ ምድር እንፋሎት፣ በቱርካና ሐይቅ አጠገብ ደግሞ የ310 ሜጋዋት የነፋስ ማመንጫ አላት። እንፋሎቱ ዝናብ አይጠብቅም፤ የኬንያ ዋና የዝናብ ወራትም ከእኛ ክረምት ጋር አይገጥሙም። እንዲህ ያሉ ሁለት ጎረቤቶች በሽቦ ቢገናኙ የአንዱ ክፉ ወር በሌላው ደግ ወር ይደገፋል። ሁለተኛው ስለ ዶላር ነው። ግድቡ፣ ተርባይኑ፣ ማስተላለፊያ መስመሩ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሬ የሚገዛ ነው። በብር ብቻ የሚሸጥ ኤሌክትሪክ በዶላር የተወሰደ ዕዳን አይከፍልም።

ይህን ሁሉ በመጻሕፍትና በሪፖርት ካነበብሁ በኋላ ነው አያቴ መልሱን ከእኔ ቀድመው ያውቁት እንደነበር የተረዳሁት።

አያቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከሙ ሸጠዋል። እናቴን ያሳደጉት፣ እኔንም አንደኛ ክፍል ያስገቡት በዚያ ገንዘብ ነው። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ የራሱ ታሪክ አለው። ቤተ መንግሥቱ በእንጦጦ ራስ ላይ በነበረበት ዘመንና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ፣ የአካባቢው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እያለቀ በመሄዱ ባሕር ዛፍ በዘመነ ምኒልክ ከውጭ ገብቶ ተተከለ። ከተማዋ በአንድ ቦታ ጸንታ ለመቆየት ከቻለችባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ዛፍ ነው። በዚህ ዓይን ካየነው የአዲስ አበባ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ የእንጦጦ ኮረብታ፣ የመጀመሪያው ማስተላለፊያ መስመርም ቁልቁል የሚወርደው የሴቶች ጀርባ ነበር። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይዟል። 30 ኪሎ የሚመዝን ሸክም እንግዲህ 120 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት በገመድ ታስሮ ሲወርድ ማለት ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲነድ ግን አብዛኛው ሙቀት ለነፋስ ይሰጣል።

ልጅ ሳለሁ አንድ ነገር አይገባኝም ነበር። አያቴ ጥሩውን ፍልጥ ሁሉ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ሽሮ ሜዳ ወስደው ይሸጡና፣ ለቤታችን ግን ቅጠልና ጭራሮ ያነዱ ነበር። ቅጠል ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ቶሎ ቦግ ብሎ ቶሎ ስለሚጠፋም ከምጣዱ አጠገብ ሆኖ ያለ ማቋረጥ መማገድን ይጠይቃል። «እማማ፣ ፍልጡን ለምን እኛ አናነደውም?» ብዬ እንደጠየቅኋቸው አስታውሳለሁ። «ፍልጥ ብናነድ ምን እንበላለን?» አሉኝ። ሸጠው ሲመለሱ ገንዘቡን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ። ቋጠሮው ቤት ገብቶ ይፈታል፤ ይህ ለጨው፣ ይህ ለጤፍ፣ ይህ ለደብተር እየተባለ በፊታችን ይከፈላል።

በዋዜማው ምሽት አያቴ የጠየቁኝ ጥያቄ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሲታይ ሌላ መልክ ይይዛል። እርሳቸው ራሳቸው ፍልጥ ሸጠው ቅጠል ያነደዱ ሰው ናቸውና ስለ ኤክስፖርት የሚያስረዳቸው ሰው አያስፈልጋቸውም ነበር። ቤቱ እየበረደው እንጨት መሸጥ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ያውቃሉ። የጠየቁት ስለ ቋጠሮው ነው።

ስለዚህ ቋጠሮውን እንከተል። ሽያጩ በተጀመረበት ወቅት በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ቤተሰብ የሚከፍለው በኪሎዋት ሰዓት 0.273 ብር ነበር። በጊዜው ይፋዊ ምንዛሬ 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም 3.5 ብር ገደማ ስለነበር፣ የኬንያው ዋጋ ከዚህ ታሪፍ ከ12 እጥፍ በላይ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ንጽጽር ሲሰማ ወይ «ስለዚህ ሁሉንም እንሽጥ» ወይም «ስለዚህ ለራሳችን በነጻ ከመስጠት አይተናነስም» ይላል። ሁለቱም የተሳሳቱ ይመስለኛል። በአንድ በኩል፣ ለኬንያ የሚሸጠው በጅምላ ነው፤ ሻጩ ምሰሶ አይተክልም፣ ቆጣሪ አያነብም፣ የተቃጠለ ፊውዝ ለመቀየር በሌሊት ሰው አይልክም። ለአባወራና ለእማወራ የሚሸጠው ደግሞ በችርቻሮ ስለሆነ ወጪው ከጅምላው ይበልጣል፤ ዋጋው ግን ያነሰ ነው። በሌላ በኩል ያ ዝቅተኛ ታሪፍ ድሀውን ለመደገፍ የተቀመጠ ነው። ሆኖም በሳምንት ሁለት ቀን ለሁለት ሁለት ሰዓት የሚጋገርበት ምጣድ ብቻውን በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በምጣድ የሚጋግር ቤት እንግዲህ አምፖል ሳያበራ ከዝቅተኛው እርከን አልፏል ማለት ነው። በድጎማው ሙሉ በሙሉ የሚጠቀመው መብራት ብቻ አብርቶ በእንጨት የሚያበስል ቤት ነው። የተከራየ ቆጣሪ ለብዙ ቤት ሲጋራ ደግሞ ይህም ዕድል ይቀራል።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተወስኗል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ የዶላር ዋጋ በብር ሲለካ በጥቂት ወራት ውስጥ በእጥፍ ገደማ አድጓል። ይህ ለውጥ ለኤሌክትሪክ ሽያጭ ሁለት ስለት አለው። ከጎረቤት የሚገባው ዶላር ብዙ ብር ያመጣል፤ ከውጭ የሚገዛው ትራንስፎርመር፣ ሽቦና ቆጣሪም በዚያው ልክ ይወደዳል። በአገር ውስጥ ብር ብቻ የሚሰበስብ አከፋፋይ ስለቱ የሚያርፍበት ከሁለተኛው ወገን ብቻ ነው።

የአያቴ ጥያቄ የሚያርፈውም እዚህ ላይ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ ማመንጨት፣ ማስተላለፍና ማከፋፈል በአንድ ኮርፖሬሽን ሥር ነበሩ። በዚያ ዓመት ተቋሙ ለሁለት ተከፈለ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የማመንጨቱንና የከፍተኛ ቮልቴጅ ማስተላለፉን፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ የማከፋፈሉንና የችርቻሮ ሽያጩን ሥራ ያዙ። እንዲህ ያለው ክፍፍል በብዙ አገሮች የተለመደ ነው፤ የየእርከኑን ወጪ ለይቶ ለማወቅም ይረዳል። ውጤቱ ግን ዶላሩ የሚገባበት ኪስና የሰፈር ትራንስፎርመር የሚገዛበት ኪስ ሁለት መሆናቸው ነው። ከመጀመሪያው ኪስ ወደ ሁለተኛው የሚያሻግር ደንብ ከሌለ ገንዘቡ በራሱ እግር አይሻገርም። ኤሌክትሪክ ወደ ዝቅተኛው ቮልቴጅ በራሱ አይወርድም፤ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። የኤክስፖርት ገቢም እንደዚሁ ወደ ታች የሚያወርደው መሣሪያ ይፈልጋል።

ይህን የምለው ንግዱ ያለ አደጋ ነው ለማለት አይደለም። የውኃ ኃይል ሻጭ የሚሸጠው የሚቀጥለውን ዓመት ዝናብ ጭምር ነው። በ2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመቀነሱ በአገር ውስጥ የፈረቃ ሥርጭት ታውጆ ነበር፤ ወደ ጎረቤት የሚላከውም እንዲቀንስ ተደረገ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሻጩ ከሁለት ቁጣ መካከል ይቆማል፤ የአገሩ ሰው ስለምን ይሸጣል ይላል፣ የጎረቤቱ ሰው ስለምን ውል ያፈርሳል ይላል። ገዢም የራሱ ፈተና አለው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በኬንያ ከሎያንጋላኒ ወደ ሱስዋ የሚመጣው መስመር በተቋረጠ ጊዜ ከኢትዮጵያ የሚገባውም መስመር ተከትሎ በመውጣቱ ሰፊ የኬንያ ክፍል ጨለመ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን የተጀመረው ጦርነትም የማስተላለፊያ መስመር ሰላም ካለበት አገር እስከ ሰላም ካለበት አገር ብቻ የሚዘልቅ ነገር መሆኑን አሳይቶናል።

በሌላ በኩል ንግዱ ከትርፍና ከእጥረት በላይ የሆነ አመክንዮ እንዳለው ታንዛንያ ታስተምራለች። ያች አገር 2,115 ሜጋዋት የሚያመነጨውን የጁሊየስ ኔሬሬ ግድብ ሠርታለች። እንዲያም ሆኖ ለሰሜናዊ ክፍሏ ከኢትዮጵያ በኬንያ በኩል ኃይል ለመግዛት እንደምትፈልግ እ.ኤ.አ. በ2025 መንግሥቷ አስታውቋል። በአገር ውስጥ ብዙዎች «ኃይል ሳይጎድለን ለምን እንገዛለን?» ብለው ጠየቁ፤ የእኛ ጥያቄ ግልባጭ መሆኑ ነው። የተሰጠው መልስ ከግድቡ እስከ ሰሜን ያለው ርቀት ረጅም ስለሆነ በመንገድ የሚባክነው ኃይል ብዙ ነው የሚል ነበር። ከኢሲንያ እስከ ሲንጊዳ የተዘረጋው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር ኬንያንና ታንዛንያን ስላገናኘ ከጎረቤት መግዛቱ የሚቻል ሆኗል። የኤሌክትሪክ ጎረቤትነት በካርታ ላይ ካለው ድንበር ይልቅ በሽቦው ርዝመትና ውፍረት ይለካል ማለት ነው። ይህ እውነት ወደ ውስጥም ይሠራል፤ አያቴ ለታላቅ ግድብ የቀረቡ መስለው ለአንዲት ትራንስፎርመር ሩቅ ሊሆኑ ይችላሉ።

እነዚህን ግንኙነቶች በአንድ ገበያ ለማስተዳደር የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት እ.ኤ.አ. በ2005 በሰባት አገሮች ተመሥርቶ ጽሕፈት ቤቱን በአዲስ አበባ አድርጓል። በደቡባዊ አፍሪካ ያለው ተመሳሳይ ቋት እ.ኤ.አ. በ1995 ተመሥርቶ በ2009 የነገውን ኃይል ዛሬ የሚያሻሽጥ ገበያ ከፍቷል። ወደዚያ ዓይነት ገበያ ስንገባ ዋጋው በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ይሆናል። ለ25 ዓመት የታሰረ ውል ለባንክና ለአበዳሪ ዋስትና ይሰጣል፤ በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ገበያ ደግሞ የእኩለ ሌሊቱን ትርፍ ለመሸጥ ይመቻል። ሁለቱም ያስፈልጉናል። ነገር ግን ገበያው በረቀቀ ቁጥር ገቢው ከየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው ውል እንደመጣ ለተራው ሰው እየተሰወረ ይሄዳል። ስለዚህ የቋጠሮው ደንብ አስቀድሞ መታሰር አለበት ብዬ አምናለሁ። ሐሳቤ ቀላል ነው፤ ከኤክስፖርት ገቢ የታወቀ ድርሻ በውጭ ምንዛሬ ተለይቶ ለማከፋፈያ አውታር ዕቃ መግዣ ይዋል፤ በዓመቱ መጨረሻም ስንት ዶላር ገብቶ ስንት ትራንስፎርመር በየትኛው ወረዳ እንደተተከለ በአንድ ገጽ ለሕዝብ ይነገር። ሰው የሽያጩን ዜና የሚሰማበት ሬዲዮ ይህንንም ቢያሰማው ቅሬታው ወደ ጥያቄ፣ ጥያቄውም ወደ ምክር ይለወጣል።

ይህ ሐሳብ የራሴን የጥናት ርዕስ አስለወጠኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ልሠራ ያሰብሁት በቀጥተኛ ጅረት መለወጫ ጣቢያዎች ቁጥጥር ላይ ነበር። በኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ንጹሕና የሚያምር ርዕስ ነበር። እርሱን ትቼ በሰፈር ትራንስፎርመሮች የበዓል ዋዜማ ሸክም ላይ ለመሥራት ስወስን፣ ግማሽ ዓመት የለፋሁበት ሥራ ተጣለ፤ የምረቃዬም ጊዜ ተራዘመ። አንዳንድ ወዳጆቼ ከሺህ ኪሎ ሜትር መስመር ወደ አንዲት ምሰሶ መውረዴን እንደ ውድቀት ቆጠሩት። እውነቱን ለመናገር እኔም በመጀመሪያዎቹ ወራት ቆጥቶኝ ነበር። ቤት ለቤት እየዞርሁ ማን በስንት ሰዓት እንደሚጋግር ስጠይቅ፣ «ለዚህ ነው የምትማሪው?» ያሉኝ እናቶች ነበሩ። ሲቆዩ ግን የሚጋገርበትን ሰዓት ራሳቸው ተመካክረው በተራ የከፋፈሉ ጎረቤታሞችም አጋጠሙኝ። መሐንዲስ «የሸክም አስተዳደር» የሚለውን እነርሱ «መተሳሰብ» ይሉታል።

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ይህ ግድብ የምንሸጠውንም የምንጠቀመውንም የሚጨምር ነው። በማግሥቱ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አያቴ ዘንድ ሄድሁ። ምጣዱ ግሎ ነበር። ጥናቴን ጨርሼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ለጥያቄያቸው አሁን መልስ እንዳለኝ፣ ገንዘቡ ትራንስፎርመር ሊገዛ እንደሚችል፣ ነገር ግን ግዛ ብሎ የሚያዝዘው ደንብ እንደሚያስፈልግ ነገርኋቸው። «እሱማ ቋጠሮ እኮ ቤት ካልተፈታ ምኑን ቋጠሮ ሆነ» ብለው ሊጡን አሰፉ።

ያን ማታ መብራት አልጠፋም። በግድግዳው ሥር ግን የባሕር ዛፍ ቅጠል በማዳበሪያ ተሞልቶ ተቀምጦ አየሁ። ለምን እንዳልጣሉት አልጠየቅኋቸውም።